«ዕድሉ ነው» እንላለን

አንድ ሰው በሥራው ላይ ሳለ ቆሰለ ወይም ሞተ ሲባል ስትሰሙ ከአፋችሁ ቀድማ የምትወጣው ቃል የትኛዋ ናት? እኔ የራሴን ልንገራችሁ። «ምን ይደረግ፤ ዕድሉ ነው» እል ነበር። እንዲህ ብዬ ራሴን እነቀንቅና ወደ ጉዳዬ አልፋለሁ። ቃሏን ከእናቴ ተምሬያታለሁ፤ እናቴም ከእናቷ ተምራታለች። ሐዘንተኛን ታጽናናለች፤ ቂም ታበርዳለች፤ ደግ ቃል መሆኗን አልክድም። ነገር ግን ደግ ቃል ሁሉ እውነተኛ ቃል አይደለም። ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁትም ይህችው ቃል አንድ ቀን ጉሮሮዬ ላይ እንዴት ተሰንቅራ እንደ ቀረች ላጫውታችሁ ብዬ ነው።

እኔ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ነኝ። በ2014 ዓ.ም. ማስተማር ስጀምር የ11ኛ ክፍል ተማሪዎቼ ስለ ሚዛንና ስለ ስበት ማዕከል የምነግራቸውን በደብተራቸው ይጽፉ ነበር እንጂ ከልባቸው እንደማይገባ አየሁ። ስለዚህ አንድ ቀን ከግቢያችን አንድ ወፍራም ጣውላ አስመጣሁና ከድንጋይ ላይ አጋደምኩት። በአንዱ ጫፍ ከክፍሉ ሁሉ ወፍራም የሆነውን ልጅ አስቀመጥኩ። በሌላው ጫፍ ደግሞ አንድ ከሲታ ልጅ ራሱ ፈቅዶ ወጣ። ጣውላው ወደ ወፍራሙ አጋደለ። «እንግዲህ አንድ ሰው ጨምሩለት» አልኩ፤ ጨመሩለት። ጣውላው ቀስ ብሎ ተነሣና ተስተካከለ። ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበ። እኔም ሰሌዳው ላይ «ክብደት በርቀት ሲባዛ» ብዬ ጻፍኩ። ያን ዕለት ወደ ቤቴ የገባሁት በኩራት ነበር፤ መምህርነት ማለት ይህ ነው ብዬ።

ያ ከሲታ ልጅ ትጉ ነበር። ስሙን ግን አላነሣም። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ተፈተነ። በዚያ ዓመት ከተፈተኑት መካከል ከግማሽ በላይ ያመጡት ከመቶ ሦስት ያህሉ ብቻ እንደ ነበሩ ታስታውሳላችሁ። እሱም ከብዙኃኑ ጋር ቀረ። እናቱ ጉሊት ቸርቻሪ ስለሆኑ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ለመጠበቅ አቅም አልነበረውም። ኅዳር 2016 ዓ.ም. ላይ ከከተማው ዳር በሚገኝ አንድ መጋዘን በወር 4,000 ብር ጫኝና አውራጅ ሆኖ ተቀጠረ። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «ቲቸር፣ ክንዴን አዩት? ወፈረ እኮ» እያለ ይስቅ ነበር።

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ ሆስፒታል መተኛቱን ሰማሁ። እሑድ ዕለት ብርቱካን ይዤ ሄድኩ። ቀኝ እግሩ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ተቆርጦ ነበር። እናቱ ከአልጋው ራስጌ ተቀምጠው ነጠላቸውን ያፍተለትሉ ነበር። እንዳዩኝ ብድግ አሉና «መምህር፣ አዩልኝ? ዕድሉ ሆነ» አሉ። እኔም «ምን ይደረግ እናቴ፣ ዕድ—» ስል ልጁ ቀና ብሎ እንዲህ አለኝ፦

«ቲቸር፣ ሚዛኑን ልንጠብቅ ብለን እኮ ነው የወጣነው። እርስዎ እንዳስተማሩን።»

አንባቢዎቼ፣ ቃሏ ጉሮሮዬ ላይ የቀረችው ያን ጊዜ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ፎርክሊፍት የሚባለውን ተሽከርካሪ ብዙዎቻችሁ አይታችኋል፤ በመጋዘን፣ በደረቅ ወደብ፣ በፋብሪካ ግቢ ውስጥ ሁለት ረጃጅም የብረት ሹካዎቹን ዘርግቶ ዕቃ እያነሣ የሚመላለሰው ማለቴ ነው። የመጀመሪያው ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1917 አሜሪካ ውስጥ በአንድ የመኪና ክፍሎች መሥሪያ ፋብሪካ የገዛ ዕቃውን ለማመላለስ ሲባል የተሠራ ነው ይባላል፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ግን ያለ እሱ የሚሠራ መጋዘን የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሃያ አምስት ሰው የሚሸከመውን በአንድ ጊዜ ያነሣል። ጀርባ የሚያጎብጠውን ሥራ ከሰው ትከሻ ላይ ያወረደ መሣሪያ ነውና ልናመሰግነው ይገባል።

ታዲያ ይህ መሣሪያ በባሕርዩ ሚዛን ነው። ፊት ለፊት ያሉት ጎማዎቹ እኔ ጣውላውን ያጋደምኩበት ድንጋይ ማለት ናቸው። ሹካው ላይ ያለው ዕቃ በአንድ ወገን፣ ከኋላው የተጫነው ከባድ ብረት በሌላ ወገን ሆነው ይመዛዘናሉ። በዚህ የተነሣ 25 ኩንታል የሚያነሣ ፎርክሊፍት ራሱ ወደ 40 ኩንታል ሊመዝን ይችላል፤ ከአንዲት ትንሽ የቤት መኪና ከሁለት እጥፍ በላይ ማለት ነው። አካሉ ላይ የተለጠፈች አንዲት ሰሌዳ ምን ያህል ማንሣት እንደሚችል ትናገራለች። ብዙ ሰው ግን ከሰሌዳዋ የሚያነበው ኩንታሉን ብቻ ነው። ከኩንታሉ አጠገብ የተጻፈ ሁለተኛ ቁጥር አለ፤ እሱም ያ ክብደት ከሹካው ሥር ምን ያህል ርቆ ሊቀመጥ እንደሚችል የሚናገር ነው።

እስቲ አብረን እናስላ። ሰሌዳዋ «25 ኩንታል፣ በግማሽ ሜትር» ትላለች እንበል። ከፊት ጎማው መካከል እስከ ሹካው ሥር ደግሞ ሌላ ግማሽ ሜትር አለ እንበል። ስለዚህ ዕቃው ከመደገፊያው አንድ ሜትር ርቆ ነው ያለው፤ 25 በ1 ሲባዛ 25 ነው። አሁን ርዝመቱ ሁለት ሜትር የሆነ ሣጥን ጫንን። የሣጥኑ ክብደት መካከሉ ላይ ነውና ከሹካው ሥር አንድ ሜትር፣ ከጎማው ደግሞ አንድ ሜትር ተኩል ይርቃል። 25ን ለአንድ ተኩል ብታካፍሉት 16 ኩንታል ከ67 ኪሎ ያህል ታገኛላችሁ። ያው መሣሪያ፣ ያው ብረት፣ ያው ሰሌዳ ሆኖ ሳለ ሣጥኑ ስለ ረዘመ ብቻ አቅሙ ከ8 ኩንታል በላይ ቀነሰ! ዓይን ግን ይህን አያይም።

ያን ቀን ከኮንቴይነር የወረደው እንዲህ ያለ ረጅም የእንጨት ሣጥን ነበር፤ የፋብሪካ ማሽን የያዘ፣ 23 ኩንታል የሚመዝን። ነጂው ሰሌዳዋን ያውቃታል፤ 23 ከ25 እንደሚያንስም ያውቃል። ሹካውን አስገብቶ ሲያነሣ ግን የኋላ ጎማዎቹ ከመሬት ለቀቁ። ተለቅ ያለ ፎርክሊፍት ከሌላ ቦታ በኪራይ ይምጣ ቢባል የአንድ ቀን ኪራይና የአንድ ቀን መዘግየት ነው። የጭነት መኪናው ሹፌር ክላክስ ያስጮኻል። አለቃው ከቢሮው ብቅ ብሎ «እስካሁን ምን ትሠራላችሁ?» አለ። ያን ጊዜ ከልጆቹ አንዱ «ከኋላ እንቁምለት» አለ። ሦስቱ ወጥተው ከኋላው ብረት ላይ ቆሙ፤ የእኔ ተማሪ አንዱ ነበር። ጎማዎቹም መሬት ነኩ። ልክ እንደ ጣውላዬ! ልጆቹ ሳቁ፤ ነጂውም ማርሽ አስገባ።

ጣውላዬ ግን አንድ ነገር አልነበረውም፤ አይንቀሳቀስም ነበር። መጋዘኑ በር ላይ ትንሽ ጉብታ አለች። ፊት ጎማው ጉብታዋን ሲወጣና ሲወርድ ሣጥኑ ነጠረ። የነጠረ ዕቃ ሲያርፍ ከቆመ ዕቃ ይልቅ ከብዶ ያርፋል። ኋላው ተነሣ፤ ልጆቹ ከላዩ ሳሉ ተነሣ። ሣጥኑም ከሹካው ተንሸራትቶ ወረደ። ሸክሙን የጣለው መሣሪያ እንደገና በኋላው መሬቱን ሲመታ ሁለቱ ልጆች ወደ ጎን ዘለሉ፤ የእኔው ወደ ኋላ ወደቀ። ነጂው ደንግጦ ከሣጥኑ ለመሸሽ ወደ ኋላ ሲያሽከረክር የወደቀውን አላየም። የቀረውን አልጽፈውም።

ታዲያ ይህ ዕድል ነው? እስቲ ልብ በሉ። ሣጥኑ ረጅም መሆኑ ከኮንቴይነሩ ጋር በመጣው ወረቀት ላይ ተጽፎ ነበር። የመሣሪያው አቅም ሰሌዳው ላይ ተጽፎ ነበር። ጉብታዋ ከመጋዘኑ ጋር አብራ የኖረች ናት። ነጂው ሥራውን የተማረው ሌላ ነጂ ሲሠራ አይቶ ነው፤ ሁለተኛውን ቁጥር ምንነት ማንም አልነገረውም። ይህ ሁሉ ተጠራቅሞ የሚጠብቀው ነገር ቢኖር አንድ የሚቸኩል ቀን ብቻ ነው። ዕድል ማለት ያልታወቀ ነገር ከሆነ፣ እዚህ ያልታወቀው የልጁ ስም ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ ስለዚሁ ነገር የተጻፈ ፈልጌ አነበብኩ። የአሜሪካ መንግሥት የሠራተኞችን ጤንነት የሚያጠናው ተቋም እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ከ1980 እስከ 1994 በነበሩት ዐሥራ አምስት ዓመታት በዚያች አገር 1,021 ሠራተኞች በፎርክሊፍት አደጋ መሞታቸውን ጽፏል። የአሟሟታቸውንም ዓይነት ዘርዝሯል፦ ከመቶ 22ቱ መሣሪያው ተገልብጦባቸው፣ 20ው በእግራቸው ሲሄዱ ተገጭተው፣ 16ቱ በመሣሪያው ተጨፍልቀው፣ 9ኙ ከመሣሪያው ላይ ወድቀው ነው የሞቱት። እኔን ያስደነቀኝ ብዛቱ አይደለም። የሞቱ መንገድ በቁጥር የሚታወቁ ጥቂት መንገዶች መሆኑ ነው። ዕድል እንዲህ በየመደቡ ተሰልፎ አይመጣም። በተመሳሳይ መንገድ ደጋግሞ የሚመጣ ነገር በር አለው፤ በር ያለውም ነገር ይዘጋል። እዚያም አገር እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ደንብ ማንም ሰው ሳይሠለጥንና ሳይፈተን ፎርክሊፍት እንዳይነዳ፣ የነጂው ችሎታም ቢያንስ በየሦስት ዓመቱ እንዲመዘን አዘዘ።

አሁን ወደ ሁለተኛው አደጋ ልውሰዳችሁ። የመጀመሪያው የደረሰው መጋዘን ውስጥ ነበር፤ ሁለተኛው ግን ሊደርስ የነበረው ወረቀት ላይ ነው።

ከሆስፒታሉ ልወጣ ስል እናትየው ከጡታቸው ሥር አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። «ከመሥሪያ ቤቱ ሰው መጥቶ ነበር መምህር። ደግ ልጅ ነው። ይህን ቢፈርም 8,000 ብር ርዳታ እንሰጣለን አሉ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ እስቲ ያንብቡልኝና ይፈርም» አሉኝ። አነበብኩት። ባለ አንድ ገጽ ነው፤ ንጹሕ ሆኖ የተተየበ። መካከሉ ላይ እንዲህ የሚል ነበረበት፦ «የተሰጠኝን ግልጽ የደኅንነት መመሪያ በመተላለፍ በራሴ ፈቃድ ማሽኑ ላይ በመውጣቴ ጉዳቱ የደረሰብኝ መሆኑን አረጋግጣለሁ።»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ፈርም ልለው ምንም አልቀረኝም። 8,000 ብር ለእሳቸው የሁለት ወር የልጃቸው ደመወዝ ነው። ደግሞስ በራሱ ፈቃድ አይደለም ወይ የወጣው? ማን ገፋው? የእኔም ኅሊና «በራሴ ፈቃድ» የሚለውን ቃል ወደደው፤ ጣውላዬን ይረሳልኛልና። ቢሆንም «ግልጽ መመሪያ» የሚሉት ሁለት ቃላት ከነከኑኝ። «እስቲ እስከ ነገ ይቆይ እናቴ» ብዬ ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ።

በዚያው ሌሊት በ2011 ዓ.ም. የወጣውን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156ን አነበብኩ። ሕግ አዋቂ አይደለሁም፤ ነገር ግን አማርኛው ለማንም የተማረ ሰው የሚገባ ነው። አዋጁ እንደሚለው አሠሪ ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ሠራተኛው በሥራ ላይ ለሚደርስበት ጉዳት ኃላፊ ነው። ማን አጠፋ ተብሎ አስቀድሞ አይጠየቅም። ይህም በአገራችን ትናንት የመጣ ሐሳብ አይደለም፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ሠራተኛ በሥራው ሲጎዳ አሠሪው የሚኖርበትን ኃላፊነት ደንግጎ ነበር። ነገር ግን በአዋጁ ውስጥ ይህን ኃላፊነት የሚያስቀር ነገር አለ። ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ያደረሰው ጉዳት ከሆነ አሠሪው አይጠየቅም። አስቀድሞ በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ ጥሶ የተጎዳ፣ ወይም አካሉንና አእምሮውን መቆጣጠር እስኪያቅተው ሰክሮ ሥራ የገባ ሰው፣ ሆን ብሎ እንዳደረገው ይቆጠራል።

እንግዲህ ያቺ አንዲት ዐረፍተ ነገር ምን እንደ ነበረች ተመልከቱ! ልጁ ቢፈርምባት «ሆን ብዬ ነው የተጎዳሁት» እንዳለ ይቆጠርበት ነበር። በ8,000 ብር የሚሸጠውስ ምንድን ነው? በአዋጁ መሠረት የሕክምናው ወጪ በአሠሪው ነው። ሠራተኛው እየታከመ ሳለ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ የሚቀጥሉትን ሦስት ወራት ከመቶ ከ75 ያላነሰ፣ የቀሩትን ስድስት ወራት ከመቶ ከ50 ያላነሰ ያገኛል። በጡረታ ሕግ ላልታቀፈ ሠራተኛ ደግሞ ጉዳቱ ለዘለቄታው ፈጽሞ ከሥራ የሚያወጣው ከሆነ የዓመት ደመወዙ አምስት እጥፍ ይከፈለዋል፤ በከፊል ከሆነ እንደ ጉዳቱ መጠን ይሰላል። የእኔ ተማሪ ጡረታ አልተመዘገበለትም። በወር 4,000 ብር፣ በዓመት 48,000 ብር ነው፤ አምስት እጥፉ 240,000 ብር። ወረቀቴን ይዤ ይህን ሳሰላ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። በሰሌዳ ላይ ሳስተምር ቁጥር እንዲህ አንቀጥቅጦኝ አያውቅም።

በማግሥቱ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። ወረቀቱን ያዘጋጀው ጸሐፊ በእኔው ዕድሜ ያለ ወጣት ነው፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ንግግሩ የታረመ። እንደ እናቲቱ ቃል በእውነትም ደግ ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። «ወንድሜ፣ እዚህ ላይ ግልጽ መመሪያ ይላል። መመሪያውን ሊያሳዩኝ ይችላሉ? ልጁ ፈርሞ የተቀበለበት ይኖር ይሆን?» አልኩት። መሳቢያውን ከፈተ፤ ዘጋው። ሳጥኑን ከፈተ፤ ዘጋው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔ ከተቀጠርኩ ስድስት ወሬ ነው። ይህን ጽሑፍ ከእኔ በፊት የነበሩት ናቸው ያዘጋጁት። እኔ ስሙንና ቀኑን ብቻ ነው የምለውጠው» አለኝ።

አንባቢዎቼ፣ ይህን ዐረፍተ ነገር ቆም ብላችሁ አስቡት። ያ ወረቀት ልጁ እግሩን ከማጣቱ በፊት ተጽፎ አልቆ ነበር። ልጁ ገና መንገድ ላይ ክንዱን እያሳየኝ ሲስቅ፣ ጥፋቱ በኮምፒዩተር ውስጥ ተቀምጦ ስሙን ብቻ ይጠብቅ ነበር። መመሪያ ሊጽፉ ጊዜ ያጡ እጆች መመሪያው እንደ ተጣሰ የሚመሰክር ወረቀት ለመጻፍ ግን ጊዜ አግኝተዋል። እስከዚያ ቀን ድረስ «ዕድል» በሰማይ የተጻፈ ነገር ይመስለኝ ነበር። ለካስ ጠረጴዛ ላይም ይጻፋል።

ጸሐፊው ላይ አልጮህኩም። የጮህኩበት ቢሆን ራሴም ላይ መጮህ ነበረብኝ። እሱ የማያውቀውን ወረቀት ሞላ፤ እኔ መጨረሻውን ያላሰብኩትን ትምህርት አስተማርኩ። ሁለታችንም ሥራችንን በደንብ የሠራን መስሎን ነበር። «ያልፈረመውን ወረቀት እመልስልዎታለሁ። እርስዎም ያዩትንና የሰሙትን ብቻ ይጻፉ» አልኩት። ለጊዜው አልመለሰልኝም። ከሦስት ቀን በኋላ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ወደ መጋዘኑ ሲመጣ ግን ጸሐፊው፣ ስለ ፎርክሊፍት አጠቃቀም የተጻፈ መመሪያ በመዝገብ ቤቱ እንዳልተገኘ በፊርማው አረጋገጠ። ይህን ለማድረግ ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ ደመወዝተኛ የሆናችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ።

ነጂውም መጣ። ያን ሁሉ ጊዜ ሆስፒታል በር ላይ እየመጣ ይመለስ እንደ ነበር በኋላ ነው የሰማሁት። ሦስት ልጆች ያሉት ጎልማሳ ነው። እናትየው እግር ሥር ሊወድቅ ሲል ያዙት። «አንተም ዕድልህ ነው» ሊሉት አፋቸውን ከፈቱና ወደ እኔ አዩ፤ ከዚያ «አንተም እንዳልተነገረህ ሰማሁ» አሉት። እኔ ብዙ መጻሕፍት አንብቤያለሁ፤ እንዲህ ያለ ፍርድ ግን አልሰማሁም።

ጥር 2017 ዓ.ም. ላይ የሕክምና ቦርዱ የልጁን ጉዳት ከመቶ 40 ብሎ ወሰነ። 240,000 በ40 ሲባዛ ለመቶ ሲካፈል 96,000 ብር ነው። መሥሪያ ቤቱም ብዙ ተከራክሮ በመጨረሻው በሦስት ጊዜ ከፈለ። አንድ እግር 96,000 ብር ያወጣል ማለቴ አይደለም፤ ዋጋ የለውም። ነገር ግን በ96,000ና በ8,000 መካከል ያለው ልዩነት ሰው ሠራሽ እግርና የትምህርት ቤት ክፍያ ነው። ልጁ ዛሬ የማታ ትምህርት ይማራል፤ የሒሳብ መዝገብ አያያዝ።

አሁን ጥቂት ምክር ብሰነዝር አትታዘቡኝ። ተማሪዎች ሆይ፣ በክረምት ዕረፍት መጋዘንና ፋብሪካ ገብታችሁ የምትሠሩ ብዙ ናችሁ። ፎርክሊፍት የሚዞረው በኋላ ጎማው ነው፤ ስለዚህ ወደ ግራ ሲታጠፍ ጭራው ወደ ቀኝ ይወረወራል። ቆሞ ሳለም ቢሆን ከኋላውና ከጎኑ ራቁ። ከተነሣ ሹካ በታች አትለፉ። በሹካው ላይ ወጥታችሁ ከፍ አትበሉ፤ ከኋላውም ክብደት ሆናችሁ አትቁሙ። ዕቃው ነጂውን ከጋረደው ነጂው አያያችሁም፤ ዓይኑን ካላያችሁ አላያችሁም ማለት ነው። የምትነዱ ከሆነ ቀበቶ እሰሩ፤ ተቀምጠው የሚነዱት መሣሪያ ቢገለበጥ አትዝለሉ፤ መሪውን ጨብጣችሁ ከሚወድቅበት በተቃራኒው አዘንብሉ። የሚዘለው ሰው የሚዘለው መሣሪያው ወደሚወድቅበት ቦታ ነውና። ያልገባችሁን ወረቀት ደግሞ አትፈርሙ፤ የሚሰጣችሁ ሰው የቱንም ያህል ደግ ቢሆን።

የመሥሪያ ቤት ጸሐፊዎችና ሹማምንት የሆናችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ እናንተ ሹካም ጎማም አትነኩም። በእጃችሁ ያለው ብዕር ብቻ ነው። ነገር ግን ብዕርም ሚዛን ነው፤ ከአንድ ወገን ሰው ተቀምጧል። ስም ብቻ የሚለወጥበት ወረቀት በእጃችሁ ሲገባ «ይህን ማን አየ?» ብላችሁ ጠይቁ። አደጋ ሲደርስ «በጥንቃቄ ጉድለት» ብሎ መዝጋት ቀላል ነው፤ የማን ጉድለት እንደ ሆነ ካልተጻፈ ግን የሚቀጥለው ልጅ በዚያው በር ይገባል።

እኔስ? ጣውላውን አልጣልኩትም። ባለፈው ዓመት ያንን ትምህርት ከመስጠቴ በፊት ልጁን ክፍሌ መጥቶ እንዲናገር ለመንኩት። «ቲቸር፣ ለመታየት አልመጣም» አለኝ፤ መልሱም ትክክል ነው። ከሳምንት በኋላ ግን አንድ ቁራጭ ወረቀት ላከልኝ። ለፈተና የሚሆን ጥያቄ ጽፎበታል፦ «አንድ ፎርክሊፍት ከአቅሙ በላይ ተጭኖ ኋላው ተነሣ። ሦስት ልጆች ከኋላ ሲቆሙ ሚዛኑ ተጠበቀ። ሀ) ሲንቀሳቀስ ምን ይሆናል? ለ) ልጆቹን ማን ማስወረድ ነበረበት?»

የመጀመሪያውን ተማሪዎቼ ሁሉ ይመልሱታል። ለሁለተኛው ግን ክፍሉ ጸጥ ይላል። አንዱ «ነጂው» ይላል፤ ሌላው «አለቃው» ይላል። አንዲት ልጅ ባለፈው ጊዜ እጇን አንሥታ «ቲቸር፣ ሚዛን ያስተማራቸው ሰውስ?» አለችኝ። ሙሉ ማርክ ሰጠኋት።